ልብ የሚያዘገይ ማር

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ማር ነው። ስለ ማር ጥቅም ብዙ ሰምታችኋል፤ ዛሬ የምናነሳው ግን ሰው ሳይጠረጥር በማንኪያ ስለሚውጠው መርዝ ነው። ከመርዛማ ዕፅዋት አበባ በተቀሰመ የዱር ማር ስለሚመጣ ሕመም እንነጋገራለን። መነሻችን የጥቁር ባሕር ዳርቻ ይሆናል፤ ነገሩ በደንብ የታወቀውና የተጠናው እዚያ ነውና።

በቱርክ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከጥቁር ባሕር ጠርዝ ላይ፣ ትራብዞን የምትባል ከተማ አለች። ከጀርባዋ ዝናብና ጉም የማይለያቸው ተራሮች ተደርድረዋል። በዚያ አካባቢ በድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች በየዓመቱ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ ይመጣባቸዋል። ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ዕድሜው 50ዎቹን የያዘ ወይም የተጠጋ። ጠዋት ደህና ነበር፤ ቁርሱን በልቶ ወጣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ላብ አጠመቀው፣ አፉን ምራቅ ሞላው፣ አቅለሸለሸው፣ ዓይኑ ብዥ አለበት፤ ከተቀመጠበት ልነሳ ሲል ተዝለፍልፎ ወደቀ። የደም ግፊቱ ሲለካ ወርዷል። ልቡ ሲቆጠር በደቂቃ 40 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ይመታል። የጤነኛ አዋቂ ልብ ባረፈበት ሰዓት ከ60 እስከ 100 ጊዜ እንደሚመታ አስታውሱ።

አካባቢውን የማያውቅ ሐኪም ይህን ሲያይ «የልብ ሕመም ነው» ብሎ ቢነሳ አይፈረድበትም። የአገሩ ሐኪም ግን ወዲያው አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ማር በልተዋል ወይ?» ሰውየው ወይም ቤተሰቡ «አዎ፣ ከተራራው የመጣ ማር አንድ ሁለት ማንኪያ ቀምሷል» ሲሉ ነገሩ ይፈታል። የአካባቢው ሰዎች ይህን ማር ደሊ ባል፣ ያበደ ማር፣ ይሉታል።

ታሪኩ በጣም የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት ገደማ 10,000 ያህል የግሪክ ቅጥር ወታደሮች የፋርሱን ንጉሥ ለመጣል ከወንድሙ ከቂሮስ ጋር ዘመቱ። ቂሮስ በጦርነቱ ሞተ፤ ወታደሮቹም በጠላት አገር መካከል ቀሩ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ባሕሩ፣ ተራራ እያቋረጡ ሸሹ። ከመሪዎቹ አንዱ ዜኖፎን ነበር፤ በኋላ የጉዞውን ታሪክ የጻፈውም እሱ ነው። ዛሬ ትራብዞን በምንላት ከተማ አቅራቢያ የንብ ቀፎ የሞላባቸው መንደሮች አገኙ። የተራበ ወታደር ማር ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ መገመት ቀላል ነው። ዜኖፎን እንደጻፈው፣ ማሩን የበሉት ሁሉ ራሳቸውን የሚያውቁ አልነበሩም፤ አስመለሳቸው፣ አስቀመጣቸው፣ አንዳቸውም ቀጥ ብለው መቆም አቃታቸው። ጥቂት የቀመሱት የሰከሩ ይመስሉ ነበር፤ ብዙ የበሉት ያበዱ ወይም የሚሞቱ መሰሉ። ሜዳው ላይ የወደቀው ሰው ብዛት ጦር የተሸነፈ ያስመስል ነበር። ግን ማንም አልሞተም። በማግስቱ፣ በዚያው በበሉበት ሰዓት አካባቢ፣ ልቦናቸው ተመለሰ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ተነሡ።

ዜኖፎን ሐኪም አልነበረም። ሆኖም የጻፈውን የዛሬ ሐኪም ቢያነበው ብዙ የሚያርመው የለም። ሕመሙ በበሉት መጠን እንደሚለያይ አይቷል፤ ሰው መቆም እንደሚያቅተው አይቷል፤ ከአንድ ቀን በኋላ እንደሚለቅም አይቷል። አንድ ጸሐፊ ዓይኑን ከፍቶ ያየውን ብቻ ሲጽፍ ከ2,400 ዓመት በኋላም ለሕክምና ይጠቅማል፤ እኔ በዚህ ሁሌም እደነቃለሁ።

ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ የሮማው የጦር አዛዥ ፖምፔ በዚያው አገር ሲዘምት፣ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ማር በየመንገዱ አስቀመጡለት። ወታደሮቹ በሉ፣ ራሳቸውን ሳቱ፤ የተራራው ሰዎችም ወርደው ሦስት የጦር ጓድ ፈጁ። ይህን የጻፈልን ስትራቦ ነው፤ የዚያው የጳንጦስ አገር ተወላጅ ስለነበር አካባቢውን ያውቀዋል። ልብ በሉ፤ የገደላቸው ማሩ ሳይሆን ሰይፍ ነው። ማሩ ያደረገው እንዳይቆሙ ማድረግ ብቻ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ ማሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በእነዚያ ተራሮች ላይ ሮዶደንድሮን የሚባል ቁጥቋጦ በብዛት ይበቅላል። ሐምራዊ የሚያብብ አለ፤ ቢጫ የሚያብብም አለ። አበባው ውብ ነው፤ በየአገሩ ሰዎች ለጌጥ ይተክሉታል። ከቅጠሉም ከአበባውም ግራያኖቶክሲን የሚባል መርዝ ይገኛል፤ ንብ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥም አለ። ንቧ ቀስማ ወደ ቀፎዋ ስትወስደው፣ ውኃው ተንኖ ወደ ማርነት ሲጠና፣ መርዙ አብሮ ይቀራል።

ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ለመረዳት ስለ ነርቭ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው ሶዲየም የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ውስጡ በሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች አማካይነት ነው። በሩ ይከፈታል፣ ሶዲየም ይገባል፣ መልእክቱ ያልፋል፤ ወዲያው በሩ ይዘጋል፣ ነርቩም ያርፋል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ግራያኖቶክሲን በሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይዘጋ ያደርገዋል፤ ልክ ንፋስ እንዳይዘጋው ድንጋይ እንደተደገፈበት በር። ነርቩ ማረፍ ያቅተዋል። ከጭንቅላት ወርዶ ልብን የሚያዘገየው፣ ምራቅን የሚያመነጨው፣ ሆድን የሚያንቀሳቅሰው ቬገስ የተባለው ነርቭም ሥራውን ከልክ በላይ ይሠራል። ላቡ፣ ምራቁ፣ ማስመለሱ፣ የልብ መዘግየቱ፣ የግፊቱ መውረድ፤ ሁሉም ከዚህ ከአንድ ምክንያት የሚመነጩ ናቸው።

ስለዚህ ሕክምናውም ግልጽ ነው። ሐኪሙ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፤ ልብ በጣም ከዘገየ አትሮፒን የተባለውን መድኃኒት ይወጋል። አትሮፒን የቬገስን ጫና ስለሚያነሳ ልብ ወደ መደበኛ ምቱ ይመለሳል። ይህም ያልበቃው ሕመምተኛ ለጊዜው ልቡ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሊታገዝ ይችላል፤ ይህ ግን ጥቂቶችን ነው የሚገጥማቸው። አብዛኞቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ድነው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሕክምና ባለበት ቦታ በዚህ ማር መሞት ብርቅ ነው። ሕክምና በሌለበት፣ ሰውዬው ብቻውን ገደል አፋፍ ላይ ሳለ ራሱን ቢስት ወይም መኪና እየነዳ ቢሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

«ንቧስ ለምን አትሞትም?» የሚል አድማጭ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ እንደ ንቧና እንደ መርዙ ይለያያል። ከሮዶደንድሮን ጋር በአንድ አገር የኖሩ ንቦች ይቀስሙታል፣ ማርም ያደርጉታል። ተክሉ ከውጭ በገባባት በአየርላንድ የተደረገ ጥናት ግን የዚያን አገር የማር ንብ ያው መርዝ እንደሚገድላት፣ ጠጉራሟን ትልቋን ንብ ደግሞ ምንም እንደማያደርጋት አሳይቷል። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ንቧ ጤነኛ መሆኗ ለማሩ ዋስትና አይሆንም። የእሷ ሰውነትና የእኛ ሰውነት አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኛ አገር ማር የሚገዛ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ስኳር ተቀላቅሎበት ይሆን? በውኃ ጠብ አድርጎ ያያል፣ ክብሪት ይጭርበታል፣ በጣቱ ይስበዋል፣ ሻጩን ያስምላል። ይህ ሁሉ ስለ መርዝ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ትራብዞን ላይ ሰዎችን የሚጥለው ማር ስኳር ያልነካው ወለላ ማር ነው። እንዲያውም ንጹሕነቱና ከአንድ ቦታ መምጣቱ ነው አደገኛ የሚያደርገው። ከብዙ ቀፎ፣ ከብዙ አገር ተሰብስቦ የሚቀላቀል ማር ውስጥ መርዝ ቢኖር እንኳ ይሳሳል። ከአንድ ዛፍ ጎድጓዳ ወይም ከአንድ ገደል የተቆረጠ የዱር ማር ግን በዚያ ሳምንት በዚያ ሸለቆ ያበበውን ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው።

መጠኑም አይታወቅም። ከዚያ ከቱርኩ ማር አንዳንድ ሰው ከአንድ ማንኪያ ይታመማል፤ ሌላው ብዙ በልቶ ራስ ምታት እንኳ አይሰማውም። ያው አናቢ፣ ያው ቀፎ፣ አምና ምንም ያልነበረበት ማር ዘንድሮ ሊጥል ይችላል፤ የአበባው ብዛት በየዓመቱ ይለያያልና። «እኔ ስንት ጊዜ በልቼው ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው ውሸት አይናገርም። የተናገረው ግን ስላለፈው ማር እንጂ ዛሬ ብርጭቆው ውስጥ ስላለው አይደለም።

ጣዕምስ? ያበደው ማር ጉሮሮ የማቃጠልና የመምረር ባሕርይ አለው ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን ሳያስተውለው ይበላዋል። መረር የሚል ማር ሁሉ ደግሞ መርዝ አይደለም። ምላስን ዳኛ ማድረግ አይቻልም።

(አጭር ሙዚቃ)

የሚያሳዝነው፣ ትራብዞን ላይ ከሚታመሙት ብዙዎቹ ማሩን ሳያውቁ የሚበሉት አይደሉም። አውቀው ነው የሚገዙት። ለደም ግፊት፣ ለሆድ ሕመም፣ ለወንድ ጉልበት መድኃኒት ነው ተብሎ ይሸጣል፤ ሕመምተኞቹ ወንዶችና በዕድሜ ጠና ያሉ የሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ይኸው ማር ወደ አውሮፓ እየተላከ ለመጠጥ ማጠንከሪያ ይጨመር ነበር። በሂማላያ ተራሮች፣ በኔፓል፣ ጉሩንግ የሚባሉት ሕዝቦች በገመድ መሰላል ገደል ወርደው የዓለምን ትልቋን የማር ንብ ማር ይቆርጣሉ፤ እዚያም ሮዶደንድሮን በሚያብብበት ወቅት የሚቆረጠው ማር በጥንቃቄ፣ በጥቂቱ የሚቀመስ ነው። አሁን ያ ማር በውድ ዋጋ ወደ ውጭ ይሸጣል፤ የሚገዛው ሰው ግን ቆራጩ የሚያውቀውን አያውቅም።

እኛም ማርን እንደ መድኃኒት የምናይ ሕዝብ ነን። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ጣዝማ ማር ለሳልና ለደረት ተፈልጎ በውድ ይገዛል። የጫካ ማር፣ የገደል ማር ሲባል ልባችን ይከፈታል፤ «ኬሚካል ያልነካው» እንላለን። ይህን እምነት ማንቋሸሽ አልፈልግም። ማር ምግብ ነው፣ መተዳደሪያ ነው፣ ጠጃችን ነው። ግን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ልብን የሚያዘገይ ክኒን የታዘዘለት ሰው፣ ምንነቱ ያልታወቀ የዱር ማር «ለግፊት ጥሩ ነው» ተብሎ ሲሰጠው ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ግፊትን የሚያወርድ ማር ካለ፣ የሚያወርደው ነገር ምን እንደሆነና የት ላይ እንደሚያቆም ማንም አልለካውም።

«ሮዶደንድሮን እኛ አገር አለ ወይ?» ትሉኛላችሁ። በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚበቅል ሮዶደንድሮን የለም። ነገር ግን ከእሱ ቤተሰብ የሆነ፣ በሳይንስ ስሙ አጋሪስታ ሳሊሲፎሊያ የሚባል ዛፍ በደጋ ጫካዎቻችን ይበቅላል፤ ቅጠሉ ለከብት መርዛማ መሆኑም የታወቀ ነው። ከእሱ ይልቅ ሁላችሁም የምታውቁት ሌላ ተክል ላንሳ፤ አስተናግር። በአንዳንድ ቦታ ዕፀ ፋሪስ ይሉታል። በቆሻሻ መጣያው፣ በከብት በረቱ አጠገብ፣ በፈረሰ ቤት ግቢ ውስጥ ይበቅላል፤ ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ጡሩምባ የተከፈተ አበባ አለው፤ ፍሬው እሾሃም ነው። ከዚህ ተክልና ከዘመዶቹ ወደ ማር የሚገባው መርዝ ከሮዶደንድሮኑ በጣም የተለየ ሥራ ነው የሚሠራው።

የአስተናግር መርዝ ያገኘው ሰው አፉ ይደርቃል፤ ቆዳው ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ላብ የለውም። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፤ ብርሃን ያስቸግረዋል። ሽንቱ ይይዘዋል። ልቡ ይሮጣል። የሌለ ነገር ያያል፣ ለብቻው ያወራል፣ ልብሱን ይጎትታል፤ ቤተሰቡም «ለከፈው» ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስደው ይችላል። ከትራብዞኑ ሕመምተኛ ጋር አስተያዩት። ያኛው አፉ ምራቅ ሞልቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ልቡ ዘግይቶ ነው የመጣው። ይህኛው ደርቆ፣ ግሎ፣ ልቡ እየሮጠ።

አሁን አንድ አስገራሚ ነገር አለ። የመጀመሪያውን ሰው የሚያድነው አትሮፒን የሚገኘው ከእነዚህ ከአስተናግርና ከዘመዶቹ ነው። ለአስተናግር ሕመምተኛ አትሮፒን ቢሰጠው ያው መርዝ እንደተጨመረለት ነው። «የማር መርዝ ነው» ማለት ብቻ ለዚህ አይበቃም፤ የየትኛው አበባ ማር ነው የሚለው የሕይወት ጉዳይ ነው። አበባውን የሚያውቅ ሰው ባይኖር እንኳ ምልክቱን የሚያይ ሰው ይኑር። ሁለት ጣታችሁን፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣታችሁን፣ ከሕመምተኛው አውራ ጣት በታች በእጁ አንጓ ላይ አድርጉ፤ የራሳችሁን አውራ ጣት አትጠቀሙ፣ የራሱ ምት ያሳስታችኋልና። ሰዓት እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ50 በታች ነው ወይስ ከ120 በላይ? አፉ ረጥቧል ወይስ ደርቋል? ይህን ብቻ ለጤና ባለሙያው መንገር ብዙ ጊዜ ይቆጥብለታል።

(አጭር ሙዚቃ)

መርዙ ሁልጊዜ ከአበባ አይመጣም። የኒውዚላንድን ታሪክ ስሙ፤ ለአናቢዎቻችን ትልቅ ትምህርት አለው።

እዚያ ቱቱ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ተክሉ በጣም መርዛም ነው፤ ንቧ ግን መርዙን ከአበባው አታገኘውም። በበጋ፣ ዝናብ ሲጠፋና አበባ ሲያንስ፣ አንዲት ትንሽ የምትዘል ነፍሳት የቱቱን ግንድ ወግታ ጭማቂውን ትመጥጣለች፤ ከበላችው የተረፈውን ጣፋጭ ፈሳሽ በቅጠሉ ላይ ታንጠባጥባለች። ንብ የቸገራት ጊዜ ይህንን ጠብታ ትለቅማለች። ቱቲን የተባለው መርዝ እሷን አይጎዳትም። ሰው ሲበላው ግን ያስመልሰዋል፣ ያቃዠዋል፣ ሰውነቱን እያንቀጠቀጠ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዋንጋማታ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አካባቢ ከነሰፈፉ የተሸጠ ማር የበሉ 22 ሰዎች በዚህ ታመሙ።

ከዚያ በኋላ የአገሩ መንግሥት የወሰደው እርምጃ ነው እኔን የማረከኝ። ማርን አልከለከለም፤ ቱቱንም ከየጫካው ንቀሉ አላለም። በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ቱቲን ከ0.7 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደነገገ፤ አናቢውም ማሩን በላቦራቶሪ እንዲያስመረምር፣ ወይም ቀፎው ቱቱ በሌለበት አገር እንደነበር፣ ወይም ማሩን ነፍሳቷ ከመብዛቷ በፊት እንደቆረጠ እንዲያሳይ አዘዘ። የቆረጣ ቀን በመዝገብ ላይ መጻፍ እንኳ ሰው ያድናል ማለት ነው። የእኛ አናቢ የአደይ አበባ ማር ኅዳር ላይ እንደሚቆረጥ ያውቃል፤ ከበልግ ዝናብ በኋላ የሚመጣው ማር ሌላ መልክ እንዳለው ያውቃል። በዚህ ዕውቀት ላይ የሚጎድለው አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ሰሞን በዙሪያው ሌላ ምን አብቦ ነበር?

ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝም አለ። በትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 አካባቢ ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ፣ ጉበታቸው እየተጎዳ ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም። ከአገር ውስጥና ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች ደክመው የደረሱበት፣ ከእህሉ ጋር አብሮ የሚታጨድ አጀራተም የሚባል አረም ላይ ነው። በውስጡ ያለው መርዝ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ከሚባሉት ወገን ነው፤ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች እየዘጋ ይሄዳል። ያንን ሕዝብ የጎዳው እህል እንጂ ማር ነው አልተባለም። ግን ይኸው የመርዝ ወገን ባለባቸው አበቦች ላይ ንብ ስትቀስም ወደ ማር እንደሚገባ በብዙ አገር ተለክቶ ታውቋል። ይህ ዓይነቱ መርዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይጥልም፤ ምልክቱ የሚታየው ጉበት ከተጎዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቦታ የመጣ፣ ምንጩ ያልታወቀ የዱር ማር በየቀኑ ለወራት መመገብን በተለይ ለነፍሰ ጡር ሴትና ለሕፃን አልመክርም። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ማንኛውም ማር፣ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ አይሰጥም፤ ይህ ከአበባ መርዝ ጋር የተያያዘ ሳይሆን ቦቱሊዝም በሚባል በሽታ ምክንያት ነው።

ማር ቆራጮችን ላነጋግር። ቀፎ ወይም ዋሻ ስታገኙ ማሩን ከመቁረጣችሁ በፊት ዙሪያውን ተመልከቱ። ንብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሲቸግራት ከዚያም በላይ ርቃ ትቀስማለች። ያንን መሬት ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ከብት ሲበላው የሚሞትበት ዛፍ በዚያ ሰሞን አብቦ ከሆነ፣ አስተናግር በብዛት ካለ፣ ያንን ማር ለንቦቹ ተዉላቸው ወይም ለብቻው አስቀምጡት። በፍጹም ከሌላ ማር ጋር በአንድ ገንቦ አትቀላቅሉት፤ «ይሳሳል» ብሎ መቀላቀል የት እንደደረሰ የማይታወቅ መርዝ መበተን ነው። ጠጅ ብንጥለው ይጠፋል፣ ብናፈላው ይጠፋል ብላችሁም አትመኑ። በውሻ አትሞክሩ። የተጠራጠራችሁትን ማር ከነሰፈፉ ለወረዳው የግብርና ባለሙያ አሳዩ፤ በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለን፤ በማር ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ንቧ ከምን ከምን እንደቀሰመች ይናገራል።

ቤት ውስጥ ሰው ማር በልቶ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከታመመስ? መጀመሪያ ማሩን አስቁሙት፣ አብሮት የበላውንም ሁሉ ጠይቁ። ያዞረው፣ ላብ ያጠመቀው ሰው እንዳይቆም፤ አጋድሙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት። «ተነስና ተራመድ፣ ይለቅሃል» አትበሉት፤ ሲነሳ ነው ወድቆ የሚጎዳው። እያስመለሰው ከሆነ ወይም ራሱን ከሳተ ወደ ጎኑ አዙሩት። ካንቀጠቀጠው በአፉ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አትክተቱ። ጣት ሰዳችሁ አታስመልሱት፤ ወተት፣ አረቄ፣ ቡና አታጠጡት። ምቱን ቁጠሩ፣ የቆጠራችሁበትን ሰዓት ያዙ፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በበቅሎ ወይም በሞተር ብቻውን አትላኩት። የተረፈውን ማር ከነዕቃው ይዛችሁ ሂዱ፤ ብትችሉ የተጠረጠረውንም አበባ ከነቅርንጫፉ።

ለጤና ባለሙያዎች አንድ ቃል አለኝ። ምክንያቱ ያልታወቀ የልብ መዘግየትና የግፊት መውረድ፣ ወይም ድንገት የመጣ መቃዠት ከሰፋ የዓይን ብሌን ጋር ስታዩ፣ ባለፉት 24 ሰዓታት የበላውን ጠይቁ፤ ማርና ጠጅን በስማቸው ጠይቁ፤ ሕመምተኛው ማርን እንደ ምግብ ስለማይቆጥረው ራሱ ላይነግራችሁ ይችላልና። ማሩ የተቆረጠበትን ቀበሌና ወር ካርዱ ላይ ጻፉ። ከአንድ ቀበሌ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ከመጡ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ ያ ማር ገና ገበያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዱር ማርና ስለ መርዛማ ዕፅዋት በየአካባቢያችሁ የምታውቁት፣ ከአባቶችና ከእናቶች የሰማችሁት ካለ፣ የተክሉን የአካባቢ ስምና የሚያብብበትን ወር ጨምራችሁ ጻፉልን፤ ከባለሙያ ጋር ሆነን እናነበዋለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)